ተራ ወታደር ያለ ተራው የሚሾመው በምን ነበር?

በዘመናዊ ሠራዊት ውስጥ አንድ ወታደር ከአንዱ ማዕረግ ወደሚቀጥለው ለመሸጋገር ስንት ዓመት መቆየት እንዳለበት በደንብ ተወስኖ ተጽፏል። ከተወሰነው ጊዜ ቀድሞ ሊያድግ የሚችለው በጦር ሜዳ ከሌሎቹ የተለየ ሥራ የሠራ ወይም በትምህርትና በፈተና ልቆ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ይህንንም አለቃው በጽሑፍ መስክሮለት የበላይ ክፍል ያጸደቀው እንደ ሆነ ነው። እንዲህ ያለው ሥርዓት በአገራችን ከመቶ ዓመት እምብዛም ያልበለጠ ዕድሜ ያለው ነው። ከዚያ በፊት ግን የገበሬ ልጅ ራስ፣ የጦር ምርኮኛም የጦር ሚኒስትር ሆኖ ታይቷል። እንግዲህ የተጻፈ ደንብ ባልነበረበት ዘመን ተራውን ወታደር ያለ ተራው ያሾመው ምን ነበር?

ብዙ ሰው ሳያመነታ «ጀግንነቱ ነዋ!» ይላል። ከዚህ በታች ለማሳየት የምንሞክረው ይህ መልስ ግማሽ መሆኑን ነው። ጀግንነቱ መታየት ነበረበት፤ ያየውም ሰው የመሾም ሥልጣን ያለው መሆን ነበረበት። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ ስፍራ የሚገናኙት ለጥቂቶች ብቻ ነበር።

አስቀድሞ ስለ ማዕረጎቹ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ደጃዝማች የሚባሉት ስሞች ከመነሻቸው እንደ መሰላል እርከን የተደራረቡ አልነበሩም፤ ሰውዬው በጌታው ዙሪያ የሚይዘውን ስፍራ የሚናገሩ ናቸው። ፊታውራሪው ከፊት ይቀድማል፤ ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ ይዘምታል፤ ደጃዝማቹም ስሙ እንደሚያመለክተው የደጁ ዘማች ነው። ንጉሡም፣ ራሱም፣ ደጃዝማቹም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፊታውራሪ ስለ ነበራቸው፣ ስሙ አንድ ሆኖ ሳለ ክብሩ በጌታው ልክ ይለያይ ነበር። ከዚህ የተነሣ «ግራዝማች ሆኖ ይህን ያህል ዓመት ያልቆየ ቀኛዝማች አይሆንም» የሚል ሕግ ሊኖር አይችልም። ጌታው ከታች ያለውን በቃሉ አንሥቶ ከላይ ያስቀምጠዋል፤ ሲፈልግም በማግሥቱ ይሽረዋል። ሹም ሽር የሚባለው ይኸው ነው።

መሰላል ለመሥራት የሞከሩት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ከየአገሩ የመጣውን ወታደር በየባላባቱ ሥር ከመተው ይልቅ አደባልቀው በክፍል በክፍል መደቡት፤ በላዩም የዐሥር አለቃ፣ የአምሳ አለቃ፣ የመቶ አለቃና የሺህ አለቃ ሾሙበት። ወታደሩ ገበሬውን እየዘረፈ እንዳይኖርም ደመወዝ ሊከፍሉት አሰቡ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸው መቅደላ ላይ ሲያልፍ ሐሳባቸው አብሮ ተቋረጠ፤ ስሞቹ ግን እስከ ዛሬ በሠራዊታችን ውስጥ ይጠራሉ። ልብ ማለት የሚገባው ቍጥሩን ነው። የዐሥር አለቃው ክብር የሚለካው በሚያዛቸው ሰዎች ብዛት እንጂ ከጌታው ድንኳን ባለው ቅርበት አይደለም። ይህ አሳብ ተመልሶ ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ግን ሌላ ግማሽ ምዕት ዓመት ማለፍ ነበረበት።

መሰላሉ ካልተተከለ ወታደሩ በምን ይወጣል? የመጀመሪያው በር ግዳይ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ጌታው በድንኳኑ ፊት ይቀመጣል፤ ወታደሩም እየቀረበ ይፎክራል። ፉከራን ብዙ ጊዜ እንደ ጩኸትና እንደ ጉራ ብቻ አድርገን እንመለከተዋለን፤ ነገር ግን የዘመኑ የማዕረግ ማመልከቻ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። ፎካሪው የማን ልጅ፣ የማን አሽከር እንደ ሆነ ይናገራል፤ የት ቦታ ምን እንደ ሠራ ይዘረዝራል፤ የማረከውን መሣሪያ ከጌታው እግር ሥር ይጥላል። ይህን ሁሉ የሚለው አብረውት የዋሉት ጓደኞቹ ቆመው በሚሰሙበት ጉባኤ ነው። ሐሰት ቢናገር የሚያሳፍረው፣ እውነት ቢናገር የሚያጸናለት በዙሪያው አለ። ዛሬ አለቃ በወረቀት የሚሰጠውን ምስክርነት በዚያን ጊዜ የጦሩ ዓይንና ጆሮ ይሰጠው ነበር።

ይሁን እንጂ ከዚህ ጉባኤ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ሽልማት ነው። ሽልማትና ሹመት በአንድ ትንፋሽ ስለሚጠሩ አንድ ይመስላሉ እንጂ የተለያዩ ናቸው። ለምድ፣ ካባ፣ በብር የተለበጠ ጋሻ፣ ጎራዴ፣ የተጫነች በቅሎ ሽልማት ናቸው፤ ጀግናውን ከጓደኞቹ ይለዩታል፤ በግብር ላይም ያስከብሩታል። ሹመት ግን አገርና ሰው የሚሰጥ ነው፤ ተሿሚው ከተሾመበት አገር ይበላል፤ ከዚያም የራሱን ወታደር ያሳድራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ለካባና ለበቅሎ የተነገረ አይደለም። ካባውን ለብሶ በዚያው በነበረበት ደረጃ ዕድሜውን የጨረሰ ጀግና ብዙ እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። ለሽልማት የበቃው ግዳይ ለሹመት ያልበቃው ስለ ምን ነው? ይህን ለመመርመር ከራስ አሉላ ታሪክ የተሻለ አናገኝም።

አሉላ እንግዳ የተወለዱት በተምቤን ከገበሬ ቤት ነው። ስለ ልጅነታቸው አንድ ታሪክ ይነገራል። ከልጆች ጋር ሆነው ሲጫወቱ ወደ ሰርግ ቤት እንጀራ ተሸክመው የሚሄዱ ሰዎችን መንገድ ላይ አስቁመው «ወዴት ትሄዳላችሁ?» ብለው ጠየቁ፤ ሰዎቹም እያላገጡ «ወደ ራስ አሉላ ግቢ» ብለው መለሱላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ጓደኞቻቸው ራስ አሉላ እያሉ ይጠሯቸው ጀመር ይባላል። ታሪኩ ሹመቱ ከመጣ በኋላ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል። ለእኛ የሚጠቅመን ቀልዱ ነው፤ የገበሬ ልጅ ራስ ይሆናል ማለት በዚያ ዘመን የሚያስቅ ነገር እንደ ነበረ ያሳያልና።

ወደ ትልቅ ሰው ቤት ያደረሳቸው ጦርነት አልነበረም። በመጀመሪያ በራስ አርአያ ድምፁ ቤት አደሩ፤ ከዚያም ወደ ራስ አርአያ የእኅት ልጅ ወደ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ተላልፈው እልፍኝ አስከልካይ ሆኑ። እልፍኝ አስከልካይ ወደ ጌታው ክፍል የሚገባውን ከማይገባው የሚለይ ሰው ነው። ሥራው የአገልጋይ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ጌታው ማለዳም ማታም የሚያየው ፊት የእርሱ ነው። ባለ ጉዳዩ፣ ባላባቱ፣ የተሻረው ሹም ውጭ ቆሞ ደጅ ሲጠና ወራት ይቆጥራል፤ በሩን የሚጠብቀው የገበሬ ልጅ ግን ከመጋረጃው ወዲህ ነው።

ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ዐድዋ አጠገብ አሰም በተባለው ስፍራ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል አደረጉ። ንጉሠ ነገሥቱን የማረኩት አሉላ ናቸው ተብሎ ይተረካል። ግዳይ ከተባለ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ነገር ግን ይህን ያደረገው ከሩቅ ክፍል የመጣ፣ ስሙ የማይታወቅ ወታደር ቢሆን ኖሮ ምን ያገኝ ነበር? በእኛ ግምት ካባና በቅሎ። አሉላ ግን ጌታቸው አስቀድሞ የሚያውቃቸው፣ ታማኝነታቸው በእልፍኝ የተፈተነ ሰው ነበሩ። ካሣ ጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ነገሡ፤ ከዚያ ወዲህ አሉላን ሻለቃ ተብለው እናገኛቸዋለን።

ቀጥሎ የመጣው የግብፅ ጦር ነው። ኅዳር 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ፣ በዚያው ዓመት በየካቲት መጨረሻም ጉራዕ ላይ ድል ሆነ። ከሁለቱ ጦርነቶች የተማረከው ሬሚንግተን ጠመንጃ እጅግ ብዙ ነበር፤ ይህም ለእኛ ጥያቄ ከድሉ ባልተናነሰ ያስፈልጋል። ጦርና ጋሻ የያዘ ወታደር የአገሩን ባላባት ተከትሎ ይዘምታል፤ ባላባቱም አዛዥ የሚሆነው በልደቱ ነው። ባለ ጠመንጃው ግን ጥይቱን የሚቈጣጠርለትና በአንድ ቃል የሚያስተኵሰው አለቃ ይፈልጋል። ለእንዲህ ያለው ሥራ የትውልድ ሐረግ መቍጠር ብዙ አይረዳም። አሉላ የባለ ጠመንጃ ጦር አዛዥ የሚጠራበትን ቱርክ ባሻ የሚለውን ስም አገኙ። ከጉራዕም ድል በኋላ ዓመት ሳይሞላ ሻለቃ አሉላ ራስ አሉላ ተብለው የመረብ ምላሽ ገዢ ሆኑ። የእንጀራ ተሸካሚዎቹ ቀልድ እውነት ሆነ።

ያለ ተራ የተገኘው ሹመት ያለ ቅሬታ አላለፈም። በትግራይ መኳንንት ዓይን ሰውዬው ዛሬም ወዲ ቁቢ ነበሩ። መረብ ምላሽን በልደት የእኛ ነው የሚሉ ባላባቶችም ነበሩ፤ ከእነርሱ ዋነኛው የሐማሴኑ ወልደ ሚካኤል ሰሎሞን መጨረሻቸው እስራት ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱም በልደት የጎደለውን በጋብቻ ሞሉት፤ አሉላ የቀድሞ ሚስታቸውን ፈትተው የራስ አርአያን ልጅ ወይዘሮ አምለሱን አገቡ። በሌላ አነጋገር በአሽከርነት ላደሩበት ቤት አማች ሆኑ። ጦር ሜዳ የሰጠውን ማዕረግ ሰርግ አጸደቀው ማለት ነው። በዚህ መካከል ስለ መጀመሪያይቱ ሚስት የጠየቀ ሰው የነበረ አይመስልም።

በአንድ ጌታ ዓይን የቆመ ማዕረግ ምን ያህል ተሰባሪ እንደ ሆነም ከዚሁ ታሪክ እንረዳለን። ራስ አሉላ ጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የጣልያንን ጦር ደመሰሱ። መጋቢት 1881 ዓ.ም. ግን ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፤ በዚያው ዓመት አስመራን ጣልያን ያዘ። ጀግንነታቸው እንዳለ ነበር፤ ያየላቸውና የመሰከረላቸው ሰው ግን አልነበረም። በራስ መንገሻ ዮሐንስ ዘንድ ሆነው፣ በኋላም ለዐፄ ምኒልክ ገብተው፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ተሰለፉ። ከዚያ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱት ከተምቤኑ ራስ ሐጎስ ጋር ሲዋጉ ከደረሰባቸው ቁስል የተነሣ ነው፤ ይህም በተወለዱበት አገር መሆኑ ነው።

በሸዋ በኩል ደግሞ ሁለት ሰዎች እናገኛለን፤ ሁለቱም በምርኮ የጀመሩ። ባልቻ ሳፎ በጦርነት የተሰለቡና ከጦር ሜዳ የተነሡ ልጅ ነበሩ። ምኒልክ ወስደው በቤተ መንግሥት አሳደጓቸው። ዐድዋ ላይ የምናገኛቸው በጅሮንድ ማለት የግምጃ ቤት ሹም ተብለው ነው፤ የሚታወሱት ግን በመድፉ ሥራ ነው። በኋላ ደጃዝማች ሆነው ሲዳሞንና ሐረርን ገዙ። ወራሽ የሌለው ሰው ሹመቱን ለልጅ ላስተላልፍ አይልም፤ ይህም ለጌታቸው የማያሰጋ ተሿሚ ሳያደርጋቸው አልቀረም። በ1920 ዓ.ም. ከሹመታቸው ወረዱ፤ ጣልያን ዳግመኛ በመጣ ጊዜ ግን በእርጅናቸው ተነሥተው ሲዋጉ ሞቱ። ያን ቀን የሚሾም ጌታ በስፍራው አልነበረም።

ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጨቦ ሰው ናቸው። እርሳቸውም በልጅነታቸው ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት ገቡ። የእርሳቸው መንገድ ከአሉላም ከባልቻም ይለያል፤ ስማቸው የገነነው ከጎራዴ ይልቅ በምክርና በፍርድ ነውና፤ አባ መላ የተባሉትም በዚሁ ነው። ዐድዋ ላይ ፊታውራሪ ገበየሁ በመሞታቸው የንጉሠ ነገሥቱ የፊታውራሪነት ስፍራ ባዶ ሆነ፤ እርሳቸውም ተተኩ። በዛሬ ቋንቋ ክፍት የሥራ መደብ እንለዋለን። ከጦርነት በኋላ ብዙ ወታደር ቶሎ የሚያድግበት ምክንያት ይኸው መሆኑን ለመናገር አይወደድም እንጂ እውነት ነው፤ የአንዱ ሹመት የሌላው መቃብር ነው። ጥቅምት 1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በ1910 ዓ.ም. የመሐል ሰፋሪ ወታደር በአድማ ተነሥቶ ሚኒስትሮቹ እንዲሻሩ ባስገደደ ጊዜ በስፍራቸው የቀሩት እርሳቸው ብቻ ናቸው። ታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ በአገሩ ላይ ከራሶች የበለጠ ሲፈሩና ሲደመጡ፣ ማዕረጋቸው ግን ያው ፊታውራሪ ነበር። ማዕረግና ሥልጣን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። ስለ ሦስት ሰዎች ተናገርን፤ ሦስቱም የታዩ ናቸው። ከንጉሥ እልፍኝ የራቀው ወታደር ፉከራውን የሰማለት አንድ ግራዝማች ብቻ ከነበረ፣ የግራዝማቹም ስም ካልተጻፈ፣ የወታደሩ ሥራ ለጌታውም ለታሪክ ጸሐፊም አልደረሰም። ስለዚህ «በድሮ ዘመን ለደፋር ሰው መንገዱ ክፍት ነበር» የሚለውን አነጋገር በጥንቃቄ ልንይዘው ይገባል። ክፍት መሆኑን የምናውቀው ካለፉት ነው፤ በር ላይ የቀሩትን ማን ቈጠራቸው?

የተጻፈው መሰላል ወደ እኛ የመጣው ከውጭ ነው። ኤርትራ ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ የጣልያን ቅኝ ግዛት ስትሆን፣ ራስ አሉላ በገዙበት አገር የአስካሪ ጦር ተቋቋመ። በዚህ ጦር ውስጥ ወታደሩ አስካሪ ሆኖ ይጀምራል፤ ከዚያም ሙንታዝ፣ ቡሉቅባሽ፣ በመጨረሻም ሹምባሽ ይሆናል። ደመወዙ የታወቀ፣ ምልክቱ በልብሱ ላይ የተሰፋ ነው። ጌታ ቢሞት ማዕረጉ አይሞትም። ይህ በጊዜው ቀላል ነገር አልነበረም፤ መረብን ተሻግሮ የሚገባውን ሰው የሳበው አንዱ ነገር ይኸው መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ከሹምባሽ በላይ ላገሬው ተወላጅ መንገድ የለም፤ መኮንንነት የጣልያኖች ብቻ ነበር። ወዲህ ማዶ መሰላል ሳይኖር የገበሬ ልጅ ራስ ይሆናል፤ ወዲያ ማዶ መሰላሉ ተተክሎ ጣራው በአራተኛው እርከን ላይ ይዘጋል።

ያን መሰላል ወደ አዲስ አበባ ያመጡት መጻሕፍት ሳይሆኑ ሰዎች ናቸው። ራስ ተፈሪ በ1909 ዓ.ም. ገደማ የክብር ዘበኛን ሲያቋቁሙ፣ የመጀመሪያዎቹ ወታደሮች ከጣልያን ጋር በትሪፖሊ፣ ከእንግሊዝም ጋር በምሥራቅ አፍሪካ ያገለገሉ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በ1922 ዓ.ም. ገደማ የቤልጂግ መኮንኖች ለማሠልጠን መጡ። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች መሪነት የሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ወደዚያም የገቡት ከከተማው ትምህርት ቤቶች የወጡ ልጆች ናቸው። መኮንን የሚያደርገው ግዳይ ሳይሆን ትምህርት ሆነ። ከፋሺስት ወረራ በኋላ ሆለታ ከሠራዊቱ ውስጥ የተመለመሉትንም እየተቀበለ ለመኮንንነት ያበቃ ነበር። በ1950 ዓ.ም. በሕንድ መምህራን የተከፈተው የሐረር የጦር አካዳሚ ግን ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱትን መርጦ የሚወስድ ነበር፤ ከኮሌጃችን ጋር ለአንድ ዓይነት ተማሪ ይሻማ ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ በሠራዊቱ ውስጥ የሐረር ምሩቅ፣ የሆለታ ምሩቅና የመስመር መኮንን የሚባል ልዩነት ተፈጠረ። የመስመር መኮንን የሚባለው ከተራ ወታደርነት ተነሥቶ በአገልግሎቱ እስከ መኮንንነት የደረሰው ነው። ደንቡ ለእርሱ በር ትቶለት ነበር፤ ነገር ግን በሩ ጠባብ ነው፤ ሲያልፈውም በዕድሜ ከጓደኞቹ ይበልጣል፤ ከዚያ ወዲያ ብዙ አይርቅም።

ያም ሆኖ አዲሱ ሥርዓት ከእልፍኙ ሥርዓት ፍትሐዊ መሆኑን እንቀበላለን። የዐሥር አለቃው የአምሳ አለቃ ለመሆን ንጉሥ መማረክ አያስፈልገውም፤ በጋብቻም ማጽደቅ የለበትም። የጎደለው ሌላ ነው። በግዳዩ ጉባኤ ጌታው ቢያንስ በድንኳኑ ደጅ ተቀምጦ ወታደሩን ዓይን ለዓይን ያየው ነበር። በወረቀቱ ሥርዓት የሚያየው ፋይሉን ነው። መኮንኑና የበታች ሹሙ በተለያየ ቦታ ይበላሉ፤ በተለያየ ቦታ ያድራሉ፤ ጠረፍ ላይ እንደ ሆነ ደግሞ በተለያየ ጕድጓድ ይጠጣሉ።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና በሰፈረው ጦር ውስጥ የተነሣው ሁከት ከዚሁ የመጨረሻ ነገር የመጣ ነው። የወታደሩ የውሃ መሳቢያ ተበላሽቶ ሳለ ከመኮንኖቹ ጕድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ፤ ምግባቸውም የሚበላ አልነበረም። ጥያቄው የማዕረግ አልነበረም፤ ያነሡት ግን ተራ ወታደሮችና የበታች ሹማምንት ብቻ ናቸው። ጉዳዩን እንዲመለከቱ ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ያዟቸው፤ የወታደሩን ምግብ እንዲበሉ፣ የወታደሩንም ውሃ እንዲጠጡ አደረጓቸው። ከአምስት ወር በኋላ፣ ሰኔ 21 ቀን፣ በአዲስ አበባ በአራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ የተሰበሰበው ኮሚቴ አባላቱን የመረጠው ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ካሉት ማዕረጎች ብቻ ነበር። ኮሎኔልና ጄኔራል በአዳራሹ አልተቀመጡም።